የደሴ ፍርድ ቻይና ድረስ ይሄዳል?

ጥያቄው ከኮምቦልቻ የመጣ ነው። ጠያቂው ከሁለት ወንድሞቻቸው ጋር ሆነው ከአንድ የቻይና ሻጭ የኑግ ዘይት መጭመቂያና ማጣሪያ ማሽን ገዝተዋል። ከዋጋው 30 ከመቶውን በቲቲ (በቀጥታ የባንክ ሐዋላ) አስቀድመው ልከዋል፣ 60 ከመቶው በኤልሲ (ባንክ ሰነድ አይቶ በሚከፍልበት የዋስትና ደብዳቤ) ተከፍሏል። 10 ከመቶው ማሽኑ ተተክሎ ከተሞከረ በኋላ የሚከፈል ስለሆነ አሁንም በእጃቸው ነው። በቀን 10 ቶን ይጨምቃል የተባለው ማሽን ግን ከ4 ቶን አላለፈም። ሻጩ ደግሞ «ቀሪውን ካልላካችሁ ባለሙያ አልክም» ብሏል። በፕሮፎርማው (በሻጩ የዋጋ ማቅረቢያ ሰነድ) ጀርባ «አለመግባባት ቢነሳ በቻይና ሕግ መሠረት በግልግል ይታያል» የምትል አንዲት መስመር አለች፤ ግልግል ማለት ከፍርድ ቤት ውጭ ተዋዋዮች በመረጡት ዳኛ መዳኘት ነው። ጠያቂው «ደሴ ላይ መክሰስ እንችላለን? ብናሸንፍስ ፍርዱ ቻይና ድረስ ይሄዳል?» ይላሉ።

አጭሩ መልስ፦ መክሰስ ትችላላችሁ፤ ፍርዱም ወደ ቻይና የሚሄድበት መንገድ አለ። እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን ግን በዚያ መንገድ አልጀምርም። ድንበር በሚያቋርጥ ክርክር አብዛኛው ነጋዴ የሚጎዳው በሕግ ተሸንፎ አይደለም። አሸንፎ፣ ማኅተም ያረፈበት ፍርድ ይዞ፣ የሚያስፈጽምበት ንብረት አጥቶ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የት እንክሰስ?» ሳይሆን «የዚህ ሰውዬ ንብረት የት ነው ያለው? እዚያ አገር ያለ ዳኛስ የትኛውን ወረቀት ይቀበላል?» የሚለው ነው።

ሌላውን ከማንበባችሁ በፊት ግን አንድ ሥራ ዛሬውኑ ጨርሱ፤ የጉድለት ማስታወቂያ በጽሑፍ ላኩ። በስልክ መነጋገራችሁና በዊቻት (በቻይናው የመልእክት መተግበሪያ) ቪዲዮ መላካችሁ ይጠቅማል እንጂ አይበቃም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ገዢ የተረከበውን ዕቃ ሳይዘገይ እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ካስታወቀ በኋላ ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ክስ ካላቀረበ መብቱ ይቀርበታል። የቻይና የፍትሐ ብሔር ሕግ በጊዜ ረገድ ሰፋ ያለ ነው፤ ለዓለም አቀፍ የዕቃ ሽያጭ ክርክር 4 ዓመት ይሰጣል። የእናንተን ውል የትኛው ሕግ እንደሚገዛው ገና ሊያከራክር ስለሚችል በጠባቡ ጊዜ ተመሩ። በደብዳቤው ላይ የማሽኑን መለያ ቁጥር፣ የተረከባችሁበትን ቀን፣ በውሉ የተጻፈውን አቅምና በሙከራ የተገኘውን አቅም አስፍሩ። የምትጠይቁትን በግልጽ ለዩ፤ ጥገና፣ ቅያሪ፣ የዋጋ ቅናሽ ወይስ ውል ማፍረስ? ቀነ ገደብም ስጡ። ደብዳቤውን በኢሜይልም፣ በዊቻትም፣ በፈጣን መልእክት አድራሽም ላኩና የተረከቡበትን ማረጋገጫ አስቀምጡ።

በእጃችሁ ያለውን 10 ከመቶ አትልቀቁ። ሻጩ በማስፈራራት የሚጠይቃችሁ ከዚህ ሌላ የሚይዛችሁ ነገር ስለሌለው ነው። በእኛም ሆነ በቻይና የፍትሐ ብሔር ሕግ አንደኛው ወገን የራሱን ግዴታ ሳይፈጽም ሌላውን «ፈጽም» ብሎ ሊያስገድደው አይችልም። ይህንኑ በደብዳቤው ላይ ጻፉት፦ ገንዘቡ የተያዘው ማሽኑ በውሉ መሠረት ስላልሠራ ነው፤ በውሉ የተነገረው አቅም በሙከራ ሲረጋገጥ ይከፈላል። ዝም ብሎ አለመክፈልና ምክንያቱን ጽፎ ክፍያ መያዝ በዳኛ ፊት እጅግ ይለያያሉ።

አሁን ወደ ማስረጃው። ክርክሩ በየትኛውም አገር ቢታይ ሻጩ የሚያነሳቸውን መከላከያዎች ከወዲሁ መገመት ይቻላል። የኮምቦልቻ ኤሌክትሪክ ኃይል ዝቅተኛ ነው፣ ኑጉ እርጥብ ነበር፣ ሠራተኞቹ አልሠለጠኑም፣ ተከላው የተሠራው ያለ እኛ ባለሙያ ነው ይላል። «4 ቶን ብቻ ጨመቀ» ብላችሁ የምትቀርቡት ባዶ ቃል በእነዚህ በአንዱ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ሙከራውን እንደገና አድርጉት፤ በዚህኛው ግን ለክርክር እንዲሆን። ኮምቦልቻ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ ከዚያ መካኒካልና ኤሌክትሪካል መሐንዲሶችን በደብዳቤ ጠይቁ። የሚገባው ኑግ ተመዝኖ ይግባ፣ እርጥበቱም ይለካ። የሚወጣው ዘይትና ፋጉሎ ለየብቻው ይመዘን። የሦስቱም ፌዝ ቮልቴጅ በየሰዓቱ ተለክቶ ይመዝገብ። የሞተሩ መለያ ሰሌዳ በግልጽ ይነበብ ዘንድ ፎቶግራፍ ይነሳ፤ በሰሌዳው ላይ ያለው ኪሎዋትና በፕሮፎርማው ላይ የተጻፈው ኪሎዋት ከተለያዩ የክርክራችሁ ግማሹ ያኔ አልቋል። ከሙከራው በፊት ለሻጩ «በዚህ ቀን በዚህ ቦታ ሙከራ ይደረጋል፣ ወኪላችሁን ላኩ» ብላችሁ ጻፉ። ቢመጣ መልካም፤ ባይመጣም «ያለ እኔ የተደረገ ነው» የሚለው ክርክሩ ይዳከማል። ገንዘባችሁ የሚችል ከሆነ እንደ ኤስጂኤስ ያለ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ የፍተሻ ድርጅት ሪፖርት ጨምሩበት፤ የቻይና ዳኛ የኮምቦልቻን መሐንዲስ ላያውቅ ይችላል፣ የእነዚህን ድርጅቶች ስም ግን ያውቃል።

እስከዚያው ማሽኑን አትፍቱ፣ ክፍል አትቀይሩ። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን፣ የማጓጓዣ ሰነዱን፣ ከደረቅ ወደቡ ስትረከቡ የተሰጣችሁን ወረቀትና የኮንቴይነሩን ማሸጊያ ቁጥር አንድ ላይ አኑሩ። የዊቻት ንግግሩ ያለበትን ስልክ አትሽጡ፣ አትቀይሩም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳያጣ አድርጓል፤ ቢሆንም መልእክቱ ከነቀኑና ከነላኪው መገኘት አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ጠያቂው «ባንኩ እንዴት እንዲህ ላለ ማሽን ይከፍላል?» የሚል ቅሬታም ጨምረዋል። ንዴታችሁ ይገባኛል፣ ባንኩ ግን አላጠፋም። በኤልሲ አሠራር ባንኮች የሚመለከቱት ሰነድ ነው፤ ዕቃውን አያዩም። የሚመሩበት ዩሲፒ 600 የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ይህን በቀጥታ ይደነግጋል፣ ሰነድ ለመመርመር የሚሰጣቸውም 5 የባንክ የሥራ ቀናት ብቻ ነው። ኢንቮይሱ፣ የማጓጓዣ ሰነዱና የዕቃ ዝርዝሩ ከኤልሲው ጋር ከተስማሙ ክፍያው ይፈጸማል፤ ኮንቴይነሩ ውስጥ የቆመው ማሽን 4 ቶን ይጭመቅ 10 ቶን የባንኩ ጉዳይ አይደለም። ለዚህ ነው ለወደፊቱ ስትገዙ በኤልሲው ከሚጠየቁት ሰነዶች መካከል ከመጫኑ በፊት በገለልተኛ ድርጅት የተሰጠ የአቅም ሙከራ ምስክር ወረቀት እንዲኖር ማድረግ ያለባችሁ። ያ ወረቀት ከሌለ ባንኩ አይከፍልም። ይህ አንድ መስመር ከማንኛውም ጠበቃ በላይ ይጠብቃችኋል።

ሻጩ ማን ነው? ይህን ሳላይ ምንም ምክር መስጠት አልፈልግም ነበር፤ ጠያቂው የላኩት የፕሮፎርማው ማኅተም አንድ ስም፣ ገንዘቡ የተላከበት የባንክ ሒሳብ ሌላ ስም አለው። ይህ የተለመደ ነው፣ አደገኛም ነው። በቻይና የአንድ ኩባንያ ሕጋዊ ስም በቻይንኛ የተመዘገበው ብቻ ነው፤ በፕሮፎርማ ላይ የምናየው የእንግሊዝኛ ስም ለንግድ ምቾት የተለጠፈ ነው። እያንዳንዱ ኩባንያ ባለ 18 አኃዝ መለያ ቁጥር አለው፣ በመንግሥት የኩባንያዎች መዝገብም በኢንተርኔት ይገኛል። የማኅተሙን የቻይንኛ ስም የሚያነብ ሰው ፈልጉና ቁጥሩን አውጡ፤ ኩባንያው አሁንም አለ ወይ፣ ካፒታሉ ምን ያህል ነው፣ የተመዘገበው በየትኛው ከተማ ነው? የባንክ ሒሳቡ ባለቤት የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ከሆነ ጉዳዩ ይለወጣል፤ ሆንግ ኮንግ የራሷ ፍርድ ቤትና የራሷ ሕግ አላት፣ ከዋናው ቻይና ጋር ያለን የፍርድ ትብብር ስምምነት እዚያ አይደርስም። ስም ተሳስቶ የተጻፈ ክስ ደሴ ላይ ቢያሸንፍ እንኳ ቻይና ሲደርስ «እኔ እሱ አይደለሁም» ይባላል።

በዚያው ሻጩ እዚህ አገር ምን እንዳለው አጣሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ወኪል አለው? ለሌላ ኢትዮጵያዊ ገዢ እየላከ ያለው ዕቃ፣ የሚጠብቀው ክፍያ አለ? ካለ ነገሩ ሁሉ ይቀላል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከፍርድ በፊት ንብረት ማስከበር ይፈቅዳል፤ እዚህ አገር የሚከፈለው ገንዘብ ከታገደ ሻጩ ራሱ ስልክ ይደውላል። በወሎ ብዙ ቤተሰብ ይህን አመክንዮ ከሌላ ጉዳይ ያውቀዋል። ልጃቸው በዓረብ አገር ደመወዝ ስትከለከል እዚያ ያለውን አሠሪ ከመከተል ይልቅ እዚህ ያለውን ኤጀንሲ ይይዛሉ፤ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ኤጀንሲውን ከአሠሪው ጋር በአንድነት ተጠያቂ ያደረገው፣ የዋስትና ገንዘብም ያስያዘው ለዚህ ነው። የማሽን ገዢ ግን እንዲህ ያለ የሕግ ዋስትና የለውም፤ ራሱ በውሉ መፍጠር ነበረበት።

አሁን ዋናው ጥያቄ፤ ደሴ ላይ መክሰስ። እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚያሰናክለው የፍርድ ቤቱ ሥልጣን ነው። የውጭ አካል ያለበት፣ የሌላ አገር ሕግ ሊሠራበት የሚችል ክርክር የግለሰብ ዓለም አቀፍ ሕግ ጉዳይ ይባላል፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ መሠረትም የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን ነው። በክልላችን ይህን ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 በውክልና የሚሠራበት የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ እንደ ተራ የገንዘብ ክስ በወረዳ ወይም በዞን ፍርድ ቤት ብትከፍቱ ክርክሩ ተደርጎ፣ ምስክር ተሰምቶ፣ በመጨረሻ «ሥልጣን በሌለው ፍርድ ቤት የታየ ነው» ተብሎ ሊሻር ይችላል። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ አገራችን የግለሰብ ዓለም አቀፍ ሕግ የሚባል የተጻፈ ሕግ የላትም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲረቀቅ ክፍሉ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ሲታወጅ ግን ተተወ። ከስድሳ ዓመት በላይ ዳኞቻችን የየትኛው አገር ሕግ እንደሚገዛ የሚወስኑት በሕግ ምሁራን ትምህርት፣ በሰበር ውሳኔዎችና በራሳቸው ሚዛን ነው። በኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ደረቅ ወደብና ጉምሩክ ተተክሎ፣ ነጋዴው በየቀኑ ከውጭ ጋር እየተዋዋለ ይህ ክፍተት እስካሁን መቆየቱ ያሳዝነኛል፤ ዋጋውን የሚከፍሉት እንደ እናንተ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው መሰናክል መጥሪያ ነው። ተከሳሹ ቻይና ነው፤ መጥሪያው እንዴት ይድረሰው? ብዙ ከሳሾች ጊዜ ለመቆጠብ የጋዜጣ ጥሪ ይጠይቃሉ። ጥሪው ይወጣል፣ ተከሳሹ አይቀርብም፣ በሌለበት ይፈረድበታል። እዚህ አገር ለሚፈጸም ፍርድ ይህ ሊሠራ ይችላል። ወደ ውጭ ለሚሄድ ፍርድ ግን መርዝ ነው። የእኛው የ1958 ዓ.ም. የሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 458 የውጭ ፍርድ እዚህ እንዲፈጸም ከሚያስቀምጣቸው ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ ተከሳሹ ቀርቦ የመከላከል ዕድል ማግኘቱ ነው፤ ሌሎቹ የእንካ ለእንካ መርህ (ያ አገርም የእኛን ፍርድ የሚያስፈጽም መሆኑ)፣ የፍርድ ቤቱ በአግባቡ መቋቋም፣ የፍርዱ የመጨረሻ መሆንና ከሕዝብ ጸጥታና ሞራል አለመቃረን ናቸው። እኛ ከሌላው የምንጠይቀውን ሌላውም ከእኛ ይጠይቃል። በአዲስ አበባ ጋዜጣ የተጠራ የቻይና ኩባንያ «አልተጠራሁም» ቢል የቻይና ዳኛ ይሰማዋል።

መልካሙ ዜና እዚህ ጋ ነው። ኢትዮጵያና ቻይና በፍትሐ ብሔርና በንግድ ጉዳዮች የፍርድ ትብብር ስምምነት አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ተፈርሞ በ2018 ሥራ ላይ ውሏል። መጥሪያ ማድረስን፣ ማስረጃ መቀበልንና የፍርድ አፈጻጸምን ይመለከታል። ከብዙ የንግድ ሸሪኮቻችን ጋር እንዲህ ያለ ነገር የለንም፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የሄግ የፍርድ አፈጻጸም ስምምነት አባልም አይደለችም። ስለዚህ ከደሴ የወጣ ፍርድ ቻይና የሚገባበት በር ክፍት ነው፤ መጥሪያው በስምምነቱ በተዘረጋው የመንግሥታት መስመር ከሄደ፣ ሰነዱ ከተተረጎመ፣ ፍርዱም የመጨረሻ ከሆነ። ጊዜ ይወስዳል፤ መጥሪያው ብቻውን ወራት ይፈጃል።

ሦስተኛው መሰናክል ያቺ በፕሮፎርማው ጀርባ ያለችው መስመር ናት። የግልግል ስምምነት ካለ ሻጩ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ «ጉዳዩ ወደ ግልግል ይሂድ» ማለት ይችላል፤ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ይህን መብት ይጠብቅለታል። መስመሯ ግን ጎዶሎ ናት። «በቻይና ሕግ መሠረት በግልግል» ትላለች፤ የትኛው የግልግል ተቋም እንደሆነ አትናገርም። የቻይና የግልግል ሕግ ደግሞ የተመረጠው የግልግል ኮሚሽን እንዲታወቅ ይፈልጋል። ተዋዋዮቹ በኋላ ተስማምተው ካላሟሉት ስምምነቱ ዋጋ ላያገኝ ይችላል። ይህ ድክመት በሁለቱም በኩል ይቆርጣል፤ ለመክሰስ መንገድ ሊከፍትላችሁ ይችላል፣ ግን ያ ክርክር ራሱ አንድ ዙር ጊዜና ገንዘብ ይበላል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው። መስመሯን ለማፍረስ ከመታገል ይልቅ አሟሏት። ለሻጩ አጭር ተጨማሪ ስምምነት አቅርቡለት፤ ክርክሩ ቤጂንግ በሚገኘው በቻይና ዓለም አቀፍ የኢኮኖሚና የንግድ ግልግል ኮሚሽን፣ ነጋዴዎች ሲየታክ በሚሉት፣ በአንድ ዳኛ፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ይታይ። «ወደ እሱ ሜዳ እንሂድ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። አዎ፣ ንብረቱ እዚያ ስለሆነ። በኮሚሽኑ ደንብ ከ5 ሚሊዮን ዩዋን በታች የሆነ ክርክር በአጭር ሥርዓት በአንድ ዳኛ የሚታይ ሲሆን ዳኛው ከተሰየመ በኋላ በ3 ወር ውሳኔ እንዲሰጥ ይጠበቃል። ችሎቱ በቪዲዮ ሊካሄድ ይችላል። ቋንቋውን ግን ከመጀመሪያው ጻፉት፤ ካልተስማማችሁ በቻይንኛ ይሆናል። ውሳኔው እዚያው ስለተሰጠ በሻጩ መቀመጫ ባለው መካከለኛ ፍርድ ቤት በቀጥታ ይፈጸማል። የማስፈጸሚያ ማመልከቻ ማቅረቢያው ጊዜ 2 ዓመት መሆኑን አትርሱ።

ሻጩ ለምን ይስማማል? 10 ከመቶው በእናንተ እጅ ነው። ገንዘቡን ለማግኘት እሱም ዳኛ ያስፈልገዋል። ከፈለጋችሁ ያንን ገንዘብ በሁለቱም ስምምነት፣ ያለ ሁለቱ ፈቃድ በማይንቀሳቀስ ዝግ ሒሳብ እንዲቀመጥ አቅርቡለት፤ ድርድሩን ብዙ ጊዜ የሚያላቅቀው ይህ ነው።

ግልግሉ አዲስ አበባ እንዲሆን ብትፈልጉም አይከለከልም። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 እ.ኤ.አ. የ1958ቱን የውጭ አገር የግልግል ውሳኔዎች የሚፈጸሙበትን የኒው ዮርክ ስምምነት አጽድቃ ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አባል ሆናለች፣ ቻይናም አባል ናት። ስለዚህ አዲስ አበባ የተሰጠ የግልግል ውሳኔ በቻይና ሊፈጸም ይችላል፤ የቻይና የበታች ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ውሳኔ አልቀበልም ለማለት እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ጠይቆ ማስፈቀድ አለበት፣ ይህም ትልቅ መከላከያ ነው። ኢትዮጵያ ስትገባ ስምምነቱ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደማይሠራ አስመዝግባለች፤ የእናንተ ውል ከዚያ በኋላ የተደረገ ስለሆነ አያሰጋችሁም። ሻጮች ግን አዲስ አበባን ሲሰሙ ያመነታሉ። በ2010 ዓ.ም. የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት በአሮጌው የጅቡቲ ባቡር እድሳት ውል ላይ የተሰጠውን ትልቅ የግልግል ውሳኔ መሻሩን የውጭ ጠበቆች እስካሁን ያነሳሉ። አዲሱ አዋጅ ነገሩን አሻሽሏል፣ ተዋዋዮች በሰበር እንዳይታይ መስማማት ይችላሉ፤ እምነቱ ግን ገና አልተመለሰም። ለዚህ መጠን ክርክር በዚያ ላይ መከራከር አያዋጣችሁም።

ሻጩ ተጨማሪውን ስምምነት በሰጣችሁት ቀነ ገደብ ካልፈረመ ያኔ ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንሄዳለን። መስመሯ ጎዶሎ መሆኗን፣ ለማሟላት ጠይቃችሁ እምቢ መባላችሁን በደብዳቤ ታሳያላችሁ፣ መጥሪያውም በሁለቱ አገሮች የፍርድ ትብብር ስምምነት መስመር እንዲሄድ ትጠይቃላችሁ። በቻይና የሚወክላችሁ ጠበቃ ካስፈለገ ውክልናው በሰነዶች ማረጋገጫ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በቻይና ኤምባሲ ማለፉን ከጉዞው በፊት አስቡበት።

አንድ ዓመቱ ግን የሚቆጠረው ጉድለቱን ካስታወቃችሁበት ቀን ጀምሮ ነው። ፍርድ ቤት የዊቻት ቪዲዮውን እንደ ማስታወቂያ ከቆጠረው ጊዜው ከዚያን ቀን ጀምሮ እየሄደ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ለሻጩ የምትሰጡት ቀነ ገደብ ከ30 ቀን አይብለጥ፤ ቪዲዮውን የላካችሁበትን ትክክለኛ ቀን፣ የማኅተሙን ፎቶግራፍና የቲቲ ደረሰኙን ላኩልኝና ተጨማሪውን ስምምነት በዚያ ላይ እናረቀዋለን።